ስንተኛ ወጣህ?

ኔትወርኩ መጣ ሲሉት እየሄደ ብዙ ሳንገናኝ ቆየን። ዛሬ ደህና ስለያዘልኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ሻይ ይዛችሁ አንብቡ።

ኅዳር በገባ ቁጥር በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ይመጣልኛል። ፕሮፋይሌ ላይ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አድርጌ የተነሳኋትን ፎቶ ያዩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው የሚጠይቁት። "ቲቸር፣ ታላቁ ሩጫ ላይ ስንተኛ ወጡ?" አንዱማ "ሜዳሊያው ነሐስ ነው?" ብሎ ጽፎልኛል። ነሐስ አይደለም ወንድሜ፤ ለጨረሰ ሁሉ የሚሰጥ ነው። ስንተኛ እንደወጣሁ ደግሞ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈውም ስለዚሁ ስላላወቅሁት ቁጥር ነው።

ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የተጀመረው በኅዳር 1994 ነው። 10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ ነው። የጀመረው ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲሆን የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ነው። ያኔ የተመዘገበው ሰው 10 ሺህ ነበር፤ አሁን ከ40 ሺህ አልፏል። እስቲ አስቡት፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው በ1960 በፈረንጆቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ወርቅ መጣ! እኛ ግን ያን ሁሉ ዘመን ቆመን አጨብጫቢ ነበርን። በዓለም ላይ በሩጫ የምንታወቅ ሕዝብ፣ ለራሳችን የምንሮጥበት ቀን አልነበረንም። ሩጫ ለአትሌት ነው፤ ለሌላው መታያ ነው።

በእኛ አገርማ ትልቅ ሰው ሲሮጥ ከታየ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ወይ ሌባ እያሳደደ ነው፣ ወይ መርዶ ይዞ ነው። እኔ ልምምድ በጀመርኩ ሰሞን ማለዳ ከደብረ ወርቅ ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ስሮጥ፣ አንድ ገበሬ አባት በሬዎቻቸውን አቁመው "መምህር! ምነው? ደህና አይደለም እንዴ?" ብለው ጮኹ። "ደህና ነው አባባ፣ ስፖርት ነው!" ብላቸው ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩኝ። በሳምንቱ ሠፈር ውስጥ "መምህሩን ምን ነካው" የሚል ወሬ ነበር። እናቴ ሳትቀር "አንተ፣ ዕዳ አለብህ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

በዚያው መንገድ ላይ ተማሪዎቼ ያገኙኛል። ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ በኮንጎ ጫማ፣ ከገጠር ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ተጉዘው የሚመጡ ልጆች ናቸው። "ቲቸር አይዞዎት!" ይሉኝና ትተውኝ ያልፋሉ። እኔ የስፖርት ጫማ አድርጌ አለከልካለሁ፤ እነሱ እየተሳሳቁ ይሮጣሉ። ለእነሱ ስፖርት አይደለም፣ ማርፈድ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሄድኩት በ2012 ነው። አስቀድሞ የጠራኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። 10ኛ ክፍል ማትሪክ ሳይሳካለት ቀርቶ አዲስ አበባ ገብቶ ሴራሚክ ማንጠፍ የለመደ ልጅ ነው። ስልክ ደውሎ "ቲቸር፣ ቲሸርቱን እኔ ነኝ የምገዛልዎት፣ እርስዎ ብቻ ይምጡ" አለኝ። በሶ በማር አሽታ እናቴ አስያዘችኝና በደጀን አድርጌ፣ ዓባይ በረሃን ወርጄ ወጥቼ፣ በጎሐ ጽዮን በሱሉልታ አልፌ ገባሁ። ማታ በኪራይ ክፍሉ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፎልኝ፣ አልጋ ላይ ካልተኙ ብሎ ሲጣላኝ አመሸ። እኔ ደግሞ "ነገ የሚሮጥ ሰው ወለል ነው የሚበጀው" ብዬ ዋሸሁት።

ኅዳር 7 እሑድ ማለዳ ተነሳን። ከተማው ሁሉ አንድ ልብስ የለበሰ መሰለኝ። በታክሲ ተራው፣ በየቁርስ ቤቱ፣ በየመንገዱ ያው ቲሸርት ነው። ሀብታሙ ከድሃው፣ አለቃው ከጥበቃው አይለይም። ብርዱ ከእኛው ደጋ አይተናነስም፤ ሰው ግን እየጨፈረ ይሞቃል። እኔ ለውድድር የመጣሁ መስሎኝ ጡንቻዬን ሳፍታታ፣ አጠገቤ ያሉት ከበሮ ይዘው ሠርግ ደግሰዋል።

መነሻው ሲተኮስ ሮጥን እንዳትሉ። ቆምን! ከፊታችን ያለው ሕዝብ እስኪነቃነቅ፣ የመነሻዋን መስመር እስክንረግጥ ድረስ ብቻ ከአስር ደቂቃ በላይ ፈጀብን። እኛ መስመሯን ስንረግጥ ፊት ያሉት አትሌቶች የመንገዱን ሲሶ ሄደውታል። ከዚያ በኋላም ሩጫው ሩጫ፣ እርምጃ፣ ጭፈራ፣ እንደገና ሩጫ ነው። ልጇን ጀርባዋ ላይ ያዘለች እናት አየሁ። እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሮጡ ሽማግሌና አሮጊት አየሁ። በየደጁ በጎማ ውሃ የሚረጩ ልጆች፣ ሰገነት ላይ ሆነው እልል የሚሉ እናቶች፣ ድምጽ ማጉያ አውጥተው ዘፈን የለቀቁ ወጣቶች ነበሩ። ለማያውቁት ሰው "በርታ! በርታ!" ሲሉ የሥጋ ዘመድ ይመስላሉ።

ደግሞ ዳገት አለ። አዲስ አበባ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እኔም ደገኛ ነኝ ብዬ ተማምኜ ነበር። ዳገቱ ላይ ሲደረስ ከበሮው ሁሉ ዝም አለ። የሚሰማው የጫማ ኮቴና ትንፋሽ ብቻ ነው። ጎኔን ወግቶኝ ጎንበስ ስል ሸራ ጫማ ያደረጉ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አባት ትከሻዬን መታ አድርገው "አይዞህ ልጄ፣ ትንሽ ናት የቀረችው" ብለውኝ አለፉ። አራት ኪሎ ሜትር ነበር የቀረው! ግን አመንኳቸው፤ ቀና ብዬ ሄድኩ። አንዳንድ ጊዜ ሰውን የሚያስጨርሰው እንደዚህ ያለ ደግ ውሸት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወደ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ገደማ እየተራመድን ሳለ ተማሪዬ ዞር ብሎ "ቲቸር፣ አሁን ስንተኛ ነን?" አለኝ። እየቀለደ ነው። እኔም "ሃያ ሺህ ምናምንኛ" አልኩት። ሳቀ፣ ሳቀና ዝም አለ። ቀጥሎ እንዲህ አለኝ፤

"እኔ ዘጠነኛ ክፍል 51ኛ ነው የወጣሁት። ከ64 ተማሪ። ካርዱን አባቴ ማንበብ ስለማይችል ጎረቤት አስነበበው። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ እንኳ ሰው ሲያየኝ 51ኛ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ስንተኛ እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው የለም። ደስ ሲል!"

እኔ ምንም አልመለስኩለትም። ምን እላለሁ? ካርድ ላይ ደረጃ መጻፍ የመምህር ሥራ ነው፤ ሮስተሩ ሲደመር አንዱ አንደኛ ይሆናል፣ አንዱ ስልሳ አራተኛ። ግን ያ ቁጥር ካርዱ ላይ ብቻ እንደማይቀር፣ ልጁ ተሸክሞት ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ድረስ እንደሚገባ ያን ቀን በጆሮዬ ሰማሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሴራሚክ ሲያነጥፍም፣ 51ኛ ነበር።

በነገራችን ላይ የዚያን ዕለቱን የሴቶች ውድድር ያሸነፈችው ያለምዘርፍ የኋላው ናት። ያኔ ስሟን ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። በ2015 መስከረም የለንደን ማራቶንን ስትሮጥ መንገድ ላይ ያለ ስፒድ ብሬከር ጠልፎ ጣላት፤ በቴሌቪዥን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ተነስታ ሮጠች፣ አሸነፈች። ገና የ23 ዓመት ልጅ ነበረች። እኔም ለተማሪዎቼ "ከእሷ ጋር በአንድ ውድድር ሮጫለሁ" እያልኩ እጎርራለሁ። ውሸት አይደለም እኮ! ያው አስፋልት፣ ያው ዕለት ነው። እሷ ስትጨርስ እኔ ገና ከበሮ መሃል ብሆንም።

እንዳትሳሳቱብኝ፤ ፊት የሚሮጥ ሰው አያስፈልግም አላልኩም። እንደ ያለምዘርፍ ያለ ሰው ባይኖር ሩጫው ሩጫ አይሆንም ነበር፤ የሚያይ፣ የሚመኝ ሕፃንም አይኖርም ነበር። ግን ፊት ላሉት ለሃያ ለሰላሳው ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ መንገድ የሚዘጋ ከተማ የለም። "ታላቁ" ያሰኘው ከኋላ ያለው ሕዝብ ነው። ደግሞ አንድ ያስተዋልኩት ነገር አለ፤ እኔ በሞባይሌ ሰዓት 1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ፈጅቶብኝ ስደርስ መድረሻው አልፈረሰም። ውሃው አላለቀም። ሜዳሊያውም አልተረፈም አልተባለም፤ አንዲት ልጅ ፈገግ ብላ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ከእኔ በኋላም ሰው ይመጣ ነበር፣ ለእነሱም ነበር።

ትምህርቱ ጋ ስንመጣስ? በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነው ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ ተባለ። ኩረጃ መቅረቱ ጥሩ ነው፤ መምህር ነኝና በዚህ አልከራከርም። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ከመቶ ሦስቱ ሲያልፉ ዘጠና ሰባቱ የት ደረሱ? ሪሜዲያል የገባው ገባ። የቀረውስ? ሦስተኛው ሰው እንደገባ መድረሻውን ነቅለን፣ ውሃውን ጭነን የሄድን ነው የሚመስለኝ። በእኛ ክልል ደግሞ ባለፉት ዓመታት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ እናንተው ታውቃላችሁ። የመነሻዋን መስመር እንኳ ሳይረግጡ የቀሩ ልጆች አሉ። እነሱን "ወድቃችኋል" ማለት እንዴት ይቻላል? መቼ ሮጡና!

እኔም ብሆን ከፊት የምሰለፍ ሰው አይደለሁም። በዲፕሎማ ነው የማስተምረው። አብረውኝ የጀመሩት ዲግሪ ይዘዋል፣ ማስተርስ የያዙም አሉ። ሰርግ ቤት ስሄድ "ዲግሪውስ?" ሳይለኝ የሚያልፍ ዘመድ የለም። ክረምት ሲገኝ፣ መንገድ ሲከፈት፣ ብር ሲተርፍ እማራለሁ። እየሄድኩ ነው። ቆሜያለሁ ያለው ማነው?

ስለዚህ ዘንድሮ ውጤቱ እንዳሰባችሁት ላልመጣላችሁ፣ ቤት ተደብቃችሁ ለተቀመጣችሁ፣ ስልካችሁን ለዘጋችሁ ልጆቼ ይህን እላለሁ። ውጤቱ ምንም አይደለም ብዬ አላታልላችሁም፤ ነገር ነው፣ ያማል። ግን በግል ተመዝግቦ መፈተን አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ፤ ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ፣ አናጺነት የሚያውቅ ሰው የትም አይራብም። ያ 51ኛ ያልኳችሁ ልጅ አሁን አራት ሰው ቀጥሮ ያሠራል፤ ሁለቱ የደብረ ወርቅ ልጆች ናቸው። ሀብታም ሆነ አላልኩም። የቤት ኪራይ ያማርረዋል፣ የሲሚንቶ ዋጋ ያማርረዋል። ግን ማንጠፍ የሚያውቅበትን ወለል ሄዳችሁ እዩት፤ ውሃ ብታፈሱበት ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ወላጆች ለሆናችሁ ጓደኞቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ልጁ ካርድ ይዞ ሲመጣ "ስንተኛ ወጣህ?" ከማለታችሁ በፊት "ምን ተማርክ? ምኑ ከበደህ?" በሉት። ደረጃውን እኛ መምህራን ጽፈነዋል፣ የትም አይሄድም። ከዳገቱ ላይ ጎንበስ ሲል ግን ትከሻውን መታ የሚያደርገው ሰው እናንተ ናችሁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የትም ብትሆኑ፣ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ጻፉልኝ። ደረጃችሁን ግን እንዳትነግሩኝ፤ እሱን ሮስተሩ ላይ አግኝቼዋለሁ።

ሰላሙን ለአገራችን ያውርድልን። ትምህርት ቤቶቻችንን ይክፈትልን። ደህና እደሩ።