የዓውዳመት ሳንባ

እናንተዬ፣ ከሚዛን ወደ ደቡብ ማጂ ወረዳ ስትዘልቁ ቱምን ታገኛላችሁ። እዚያ ባዮሎጂ የተማርን ልጆች ሳንባን የምናውቀው በጠመኔ ነው። መምህሩ ይስላል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ አበቃ! ዓውዳመት ሲመጣ ደግሞ በየግቢው በግ ይታረዳል፤ ሳንባው ለውሻ ይወረወራል።

ታዲያ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብሎ እንቁራሪት ከመግደል፣ ለምግብ የታረደውን በግ ሳንባ ለምኖ ማምጣት አይሻልም? ራስል እና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ተመራማሪዎችን ሦስት ነገር መክረዋል፦ እንስሳውን በሌላ መተካት ከተቻለ መተካት፣ ካልሆነ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩንም ማቅለል። የዓውዳመቱ በግ ለኛ ትምህርት ተብሎ አልታረደም፤ ተጨማሪ ነፍስ አይጠፋም።

ግን "ዞሮ ዞሮ ሞቷል" ብሎ እንደፈለጉ መሆን የለም። ባለቤቱ ይጠየቅ። ታሞ የሞተ ከብት አይነካ፤ አባ ሰንጋ ቀልድ አያውቅም። ሳንባው በአፍ ሳይሆን በኳስ መንፊያና በቱቦ ይነፋ፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሲያበቃ ይቃጠል ወይም በጥልቁ ይቀበር። የውሃ ቋጠሮ ያለበትን ሳንባ የበላ ውሻ አንጀቱ ውስጥ ትል ያድጋል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ሰው ይመለሳል።

በአገራችን ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ሥጋ አይበላም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። ሳንባ ሲነፋ አብሮ ለማየት ግን ማን ከማን ይለያል? እንግዲህ ለመጪው ዓውዳመት ባልዲ ይዘን እንዞራለን። ከእናንተስ ግቢ ማን ይሰጠናል?