ወደ አሌክሳንድራ ኮረብታ የሚያወጣው መንገድ

ከሎንዶን ከተማ በስተ ሰሜን፥ ሰፊ መናፈሻ በከበበው ኮረብታ ራስ ላይ አሌክሳንድራ ፓላስ የሚባል ትልቅ ሕንፃ ቆሟል። የስሙ ትርጓሜ የአሌክሳንድራ ቤተ መንግሥት ማለት ቢሆንም ንጉሥ ኖሮበት አያውቅም። እንግሊዞች የሠሩት ተራው ሰው ከሥራው ሲያርፍ እንዲዝናናበት ስለ ሆነ «የሕዝብ ቤተ መንግሥት» እያሉ ይጠሩታል። በ1873 ተከፍቶ ገና በ16 ቀኑ በእሳት ጋየ፤ በ1875 እንደ ገና ተሠርቶ ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1936 ቢ.ቢ.ሲ. መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ከዚሁ ኮረብታ ነው። መንገደኛ ከደጁ ቆሞ ወደ ደቡብ ቢመለከት የሎንዶን ከተማ እንደ ምንጣፍ ተዘርግታ ትታየዋለች።

ከ2007 ወዲህ ግን ይህ ቦታ ስሙ የገነነው በሌላ ነገር ነው። በየዓመቱ በዲሴምበር አጋማሽ፥ አገሬው ለገና በዓሉ ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን፥ የዓለም የዳርት ሻምፒዮና በዚህ ሕንፃ ውስጥ ይከፈታል። በሺህ የሚቈጠር ሰው በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ይቀመጣል። አንዱ የመነኵሴ ቀሚስ ለብሷል፤ ሌላው የእንስሳ መልክ ያለው ልብስ አጥልቋል፤ ሁሉም ቢራውን እየጠጣ ባንድ ድምፅ ይዘፍናል። በመድረኩ ላይ ግን አንድ ሰው ለዚህ ሁሉ ሁካታ ጀርባውን ሰጥቶ፥ በጣቶቹ መካከል አንዲት ትንሽ ፍላጻ ይዞ፥ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆሟል።

ጨዋታው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ክቡ ሰሌዳ በ20 ክፍል ተከፍሎ፥ መካከሉ ከወለሉ 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ሆኖ ይሰቀላል። ወርዋሪው የሚቆመው በ2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ከ501 ይነሡና በየተራቸው ሦስት ሦስት ፍላጻ እየወረወሩ ያገኙትን ቁጥር ከዚያ ላይ ይቀንሳሉ። በአንድ ተራ የሚገኘው ትልቁ ውጤት 180 ነው፤ ይኸውም ሦስቱንም ፍላጻ በ20 ቍጥር ውስጥ ባለው ቀጭን ባለ ሦስት እጥፍ ቀለበት ላይ በመትከል የሚገኝ ነው። የሰሌዳው ተንኰል ግን እዚህ ላይ ነው፤ በ20 ግራና ቀኝ የተቀመጡት ጎረቤቶች 5 እና 1 ናቸው። ለትልቁ የጓጓ እጅ ጥቂት ቢስት ከትንሹ ላይ ይወድቃል። መጨረሻውም የባሰ ነው። የቀረውን ቁጥር ያለ ትርፍና ያለ ጉድለት፥ ያውም እጥፍ በሚያስቈጥረው ክፍል ካልዘጉት ጨዋታው አያልቅም። ሲመራ የቆየ ሰው ያቺን አንዲት እጥፍ አጥቶ ሲሸነፍ ማየት የተለመደ ነገር ነው።

ታዲያ በኮረብታው ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ የሚያየው የነገሩን ጫፍ ብቻ ነው። ያ በመድረኩ ላይ የቆመ ሰው ከመጠጥ ቤት ግድግዳ ተነሥቶ እስከዚህ የደረሰበት መንገድ በሌላ ቦታ፥ ያለ ዘፈንና ያለ ጭብጨባ የተጠረገ ነው። መንገዱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ኮረብታውን ወርዶ ወደ ሌሎች ከተሞች መሄድ አለበት።

የመጀመሪያዋ ከተማ ሚልተን ኪንስ ትባላለች። ከሎንዶን በስተ ሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ጥንታዊ ግንብ ወይም ያረጀ ገበያ የሚፈልግ ጐብኚ ብዙ አያገኝባትም፤ እንደ አዲስ ከተማ እንድትቈረቈር የተወሰነው በ1967 ነውና። መንገዶቿ እንደ ደብተር መስመር ተሰምረው፥ በየመገናኛው አደባባይ ስላለ እንግዳ ሰው አንዱን ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። በእግር ኳስ ስታዲየሟ አጠገብ ባለው አዳራሽ ውስጥ በ2024 እና በ2025 በጃንዋሪ ወር «ኪው ስኩል» የሚባለው ማጣሪያ ተደርጓል። ስሙን «ስኩል» ይበሉት እንጂ በውስጡ የሚያስተምር ሰው የለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተማሪ እንደ መሆኑ መጠን ስሙን ሲሰማ ሳቁ መጥቷል፤ ትምህርቱ ቀርቶ ፈተናው ብቻ የተረፈበት ትምህርት ቤት ነውና።

የፈተናው ዋጋ «ቱር ካርድ» የሚባል የሁለት ዓመት ፈቃድ ነው። በ1992 የተመሠረተውና ዛሬ ፒ.ዲ.ሲ. በመባል የሚታወቀው የዳርት ድርጅት ከ2011 ጀምሮ በሠራው ደንብ መሠረት፥ ይህን ካርድ የሚይዙት በዓለም ላይ 128 ሰዎች ናቸው። ለማጣሪያው የሚቀርብ ሰው ዕድሜው ከ16 ዓመት ካላነሰና የመግቢያውን ገንዘብ ከከፈለ የድጋፍ ደብዳቤ አይጠየቅም። የማን ልጅ ነህ፥ ከየትኛው ትምህርት ቤት ወጣህ የሚለው የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ብዙው ሰው ይወድቃል፤ የተረፉት ደግሞ ለአራት ቀን እንደ ገና ይፋለማሉ። በየቀኑ አንደኛ የወጣው ካርዱን ወዲያው ይቀበላል፤ የቀሩት ካርዶች በአራቱ ቀን ነጥብ ላጠራቀሙት ይታደላሉ።

የአውሮፓ ዋና ምድር ሰዎች የተፈተኑት በነዚያው ዓመታት በጀርመን አገር፥ በራይን ወንዝ አጠገብ ባለችው በካልካር ነው። ቦታው ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት የተሠራ የአቶም ኃይል ጣቢያ ነበረ። ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራ በ1991 ተሰረዘና ኋላ የልጆች መጫወቻ ሆነ። በማቀዝቀዣው ግንብ ውስጥ ዛሬ ዥዋዥዌ ይዞራል። ስንት ሊቃውንት የደከሙበት ነገር እንዲህ ሲሆን ያየ ሰው፥ ካርዱን አጥቶ ወደ ቤቱ ለሚመለሰው ተጫዋች ጥቂት መጽናኛ ያገኝለት ይሆናል።

ካርዱን ያገኘ ሰው ዳገቱን ጨረሰ ማለት አይደለም፤ ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ዊጋን፥ እንደ ሌስተርና እንደ ሂልደስሃይም ባሉ ከተሞች በአዳራሽ ውስጥ የሚደረጉ የአንድ ቀን ውድድሮች ይጠብቁታል። በ2025 ብቻ 34 ያህል ነበሩ። በግድግዳው ላይ ብዙ ሰሌዳ በተርታ ተሰቅሏል፤ ጠዋት 128 ሰዎች ይጀምራሉ፤ ማታ አንድ ሰው ይቀራል። የሚዘፍን ተመልካች የለም። የሚሰማው ፍላጻው ሰሌዳው ላይ ሲሰካ የሚሰጠው ድምፅና የቈጣሪዎቹ ጥሪ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ሰው አንዲት ሳንቲም አያገኝም ነበር። የመኪናውን ቤንዚንና የሆቴሉን ዕዳ ከኪሱ ከፍሎ በማግሥቱ በሌላ ሰሌዳ ፊት ይቆማል።

ደረጃ የሚወጣው በተሸለሙት ገንዘብ ልክ ነው። ደንቡ ግን ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች እንግዳ ነው። በእኛ ዘንድ የአገልግሎት ዘመን እየተደመረ ይሄዳል እንጂ አይቀነስም። በዳርት መዝገብ ላይ ግን ሁለት ዓመት የሞላው ገንዘብ ይሰረዛል። ከዓለም ሻምፒዮናው በኋላ እስከ 64ኛ ያለው ሰው ካርዱን ይጠብቃል፤ ከዚያ በታች ያለውና ሁለት ዓመቱን የጨረሰው ወደ ማጣሪያው ይመለሳል። የዓለም ሻምፒዮን እንኳ ከዚህ ስሌት አያመልጥም። ሮብ ክሮስ የተባለው እንግሊዛዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበረ። በ2016 ካርድ ለሌላቸው በተዘጋጀው ዝቅተኛ ውድድር አሸንፎ ፈቃዱን አገኘ፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ደግሞ 16 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ፊል ቴይለርን 7 ለ 2 ረትቶ 400,000 ፓውንድ ወሰደ። ሁለቱ ዓመት ሊሞላ ሲል በዲሴምበር 2019 ሁለተኛ ደረጃ ይዞ ወደ ኮረብታው ተመለሰ፤ ግን በመጀመሪያው ግጥሚያው 3 ለ 0 ተሸነፈ። ያ ሁሉ ገንዘብ ከመዝገቡ ተፋቀና ከደረጃው ወረደ።

በአዳራሾቹ ውስጥ በርትቶ የቆየ ሰው ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። በሶመርሴት አውራጃ፥ በማይንሄድ፥ በ1962 የተከፈተ የባትሊን የመዝናኛ ሰፈር አለ። በማርች የሚደረገው የዩናይትድ ኪንግደም ኦፕን እዚህ ነው። ዕጣው በየዙሩ ስለሚወጣ ጀማሪ ከዓለም ሻምፒዮን ጋር ሊገጥም ይችላል። በኖቬምበር ደግሞ በአዳራሹ ውድድር የተሻለ ገንዘብ ያገኙት 64 ሰዎች እዚሁ ይሰበሰባሉ። በሰሜን ምዕራብ በኩል ብላክፑል አለች። በ1894 የቆመው የብረት ግንቧ ከሩቅ ይታያል። በ1896 የተሠራው የኤምፕረስ የዳንስ አዳራሽ ጣሪያው በጌጥ የተሞላ ነው፤ ከ1994 ጀምሮ በበጋ ወራት 32 ምርጦች ይጫወቱበታል። ከነዚህ 16ቱ ቦታቸውን የሚያገኙት በሁለት ዓመቱ መዝገብ ነው፤ የቀሩት 16 የሚገቡት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ በትንንሾቹ ውድድሮች ባገኙት ገንዘብ ነው። ሽማግሌውም ወጣቱም በየበሩ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው።

በመጨረሻ ኮረብታው ይመጣል። በዲሴምበር 2025 የተሳታፊዎቹ ቍጥር ከ96 ወደ 128 ከፍ ብሏል። ከሁለት ዓመቱ መዝገብ 40፥ ከአንድ ዓመቱ መዝገብ 40፥ ከልዩ ልዩ አገርና ማጣሪያ ደግሞ 48 ሰዎች ገብተዋል። ለአሸናፊው 1,000,000 ፓውንድ ተመድቧል፤ በመጀመሪያው ዙር የሚወድቀው እንኳ 15,000 ፓውንድ ይዞ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ለብዙዎች ትልቁ ድል ዋንጫው ሳይሆን በሩን አልፎ መግባቱ ነው።

ሁለት ሰዎችን ብናነጻጽር የመንገዱ ጠባይ ይገለጥልናል። ፋሎን ሼሮክ የተባለች እንግሊዛዊት የፀጉር ሠራተኛ ነበረች። በዲሴምበር 2019 በሴቶች ማጣሪያ አልፋ መጣችና በዚህ ሻምፒዮና ወንድን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አሸነፈች። አዳራሹ በስሟ ዘመረ፥ ጋዜጦች በፊት ገጻቸው አወጧት። በጃንዋሪ 2020 ግን እንደ ማንኛውም ሰው ወደ ዊጋን ሄዳ ማጣሪያውን ተፈተነች፤ ካርዱን ሳታገኝም ቀረች። የኮረብታው ጭብጨባ በአዳራሹ ውስጥ አንዲት ነጥብ አልገዛላትም። ሉክ ሊትለር የተባለው ልጅ ደግሞ በኖቬምበር 2023 የወጣቶችን የዓለም ሻምፒዮና በማሸነፉ ወደ ኮረብታው ገባ። በ16 ዓመቱ እስከ ፍጻሜው ደርሶ ቢሸነፍም ያገኘው 200,000 ፓውንድ ከ64ቱ ውስጥ አስገባው፤ ካርዱንም ያለ ማጣሪያ ተቀበለ። በጃንዋሪ 2025፥ በ17 ዓመቱ፥ በዕድሜ ከሁሉ ያነሰ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም የተለኩት በአንድ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ የሚያነበው ግን ዝናን ሳይሆን በመዝገብ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው።

ለእኛ ለአፍሪካውያን መንገዱ ረዘም ይላል፤ አውሮፕላን መሳፈር፥ ቪዛ መጠየቅና ከሥራ ፈቃድ መውሰድ አለበትና። ሆኖም በ2020 የደቡብ አፍሪካው ዴቨን ፒተርሰን በጀርመን አገር አንድ ውድድር አሸንፏል። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ከጎረቤታችን ከኬንያ ዴቪድ ሙንዩዋ የተባለ የእንስሳት ሐኪም፥ ከአገሩ የመጀመሪያው ሆኖ፥ በአሌክሳንድራ ፓላስ መድረክ ቆመ። የገጠመው የቤልጅጉ ማይክ ዴ ዴከር በ2024 የዓለም ግራንድ ፕሪን የወሰደ ሰው ነበረ። ኬንያዊው 2 ለ 0 ተመርቶ ሳለ ተነሥቶ 3 ለ 2 ረታው።

ይህ ደንብ ርኅራኄ የለውም፤ የታመመውን አይጠብቅም፥ የደከመውን አይክስም። የመግቢያውን ገንዘብና የጉዞውን ወጪ ለማግኘት ያልቻለውም ቁጥሩ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ቢሆንም ፈታኙ ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳ ደግሞ ፊት አይቶ አያዳላም። ለዚህ ነው ሰዎች እየወደቁም የሚመለሱት።

የሻምፒዮናው ፍጻሜ በጃንዋሪ መጀመሪያ ይደረጋል። ዋንጫው ከተነሣ ብዙ ሳይቆይ የማጣሪያው አዳራሽ በር ይከፈታል። ደረጃው ወርዶ ካርዱን ያጣው የትናንት ባለ ዝና፥ ከሰፈሩ መጠጥ ቤት ቡድን የመጣው ጐረምሳ፥ ከአለቃው ፈቃድ ለምኖ የመጣው ሠራተኛ ስማቸውን ባንድ መዝገብ አስጽፈው ባንድ ተራ ይሰለፋሉ። ሰሌዳውም ከወለሉ 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ለሁሉም እኩል ተሰቅሏል።