ኳስ፣ ሙዝና ካሜራ በምዕራብ ዓባያ

የወንድሜ ልጅ ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ ነው። ባለፈው ዓመት ለገና መጥታ ስትሰነብት ዘመድ ሁሉ ላሊበላ ወይም ጎንደር ትሄዳለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነው። «አክስቴ፣ በወጣትነትሽ የሠራሽበትን አገር አሳዪኝ። ኳስ የሚጫወት የኮሌጅ ተማሪም ፈልጊልኝ።» የመጀመሪያው ጥያቄዋ ደስ አሰኘኝ። ሁለተኛው ግን ግራ ገባኝ።

ነገሩን የተረዳሁት ኮምፒውተሯን ከፍታ ሥራዋን ስታሳየኝ ነው። የምትማረው ፎቶግራፍ ነው። ለመመረቂያዋ አንድ የኮሌጅ ቤዝቦል ተጫዋች ለወራት እየተከተለች አንስታለች። ቤዝቦል ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነው፤ በየወገኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው፣ አንዱ ኳሷን በኃይል ሲወረውር ሌላው በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው። ዱላውን ሳይ የእኛ የገና ጨዋታ ትዝ አለኝ። የሚገርመው፣ ከፎቶዎቹ ሁሉ ጨዋታው የሚታይባቸው ጥቂት ናቸው። የሚበዙት ልጁ ገና ሳይነጋ ጫማውን ሲያስር፣ አውቶቡስ ውስጥ አፉን ከፍቶ ሲያንቀላፋ፣ ክርኑን በበረዶ አስሮ ደብተሩን ሲያነብ ነው።

«ጨዋታውንማ ሰው በቴሌቪዥን ያየዋል» አለችኝ። «እኔ የማነሳው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።»

እኔ ደግሞ ነርስ ነኝና ዓይኔ በረዶው ላይ ቀረ። ልጁ ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እንደነበር ነገረችኝ። ይህ ሕክምና በዚያ ጨዋታ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የተባሉ ሐኪም የቶሚ ጆንን የተበጠሰ የክርን ጅማት ከሌላኛው ክንዱ በወሰዱት ጅማት ተኩለት። ተጫዋቹ በ1976 ወደ ሜዳ ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ። ሕክምናው እስከ ዛሬ የሚጠራው በሐኪሙ ሳይሆን በበሽተኛው ስም ነው። ይህ በጣም ደስ አለኝ። እኛ ጤና ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የምንረሳው በሽተኛውን ነውና።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ከአርባ ምንጭ የተሻለ ቦታ አልታየኝም። ድሮ የአርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ቡድን የነበራት፣ ዛሬ ደግሞ ደጋፊዎቹ «አዞዎቹ» የሚሉት አርባ ምንጭ ከተማ ያለባት የኳስ አገር ናት። የተማሪም አገር ናት። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተው ተቋም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የመምህራንና የጤና ኮሌጆችም አሉ። አብራኝ ትሠራ የነበረች ጡረተኛ ጓደኛዬ ዛሬም እዚያው ትኖራለች። ደወልኩላት፤ በአንድ ኮሌጅ የሚማር፣ ለኮሌጁ ቡድን የሚጫወት ልጅ አገኘችልን። የምዕራብ ዓባያ ልጅ ነው፤ እኔ ገና ዲፕሎማዬን ይዤ የተመደብኩበት ወረዳ።

በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን ሶዶ አደርን። ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁምቦን አልፎ ቆላው ሲጀምር ሹራብ ማውለቅ ግድ ይላል። በስተቀኝ የጋሞ ተራሮች ቆመዋል፤ በስተግራ ዓባያ ይታያል። ሙሉ በሙሉ በአገራችን ውስጥ ካሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትልቁ እሱ ነው፤ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። የወንድሜ ልጅ ውሃው ለምን ቀይ ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ከደጋው እየታጠበ የሚወርደው ደለል ነው አልኳት። በአርባ ምንጭ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት ልዩነቱ በደንብ ይታያል፤ ወዲህ ዓባያ ቀይ፣ ወዲያ ጫሞ ሰማያዊ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ።

ብርብር ስንደርስ መኪናውን አስቁሜ ወረድኩ። በእኔ ጊዜ ይህ ሁሉ የበቆሎና የጥጥ ማሳ ነበር። ወባ በገባ ጊዜ አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሰው እናስተኛ ነበር፤ መድኃኒታችን ክሎሮኪን ነው። ወባው መድኃኒቱን ሲለምደው የደረሰብን ጭንቀት አይረሳኝም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ኮአርተም መጣ፤ አጎበርም ተዳረሰ። ወባ ዛሬም አለ፤ ግን የዚያን ጊዜውን ያየ ሰው ያመሰግናል። ማሳው ደግሞ ሙዝ ሆኗል። መንገዱ ዳር አይሱዙዎች ቆመው አረንጓዴ ሙዝ በኮባ ቅጠል እየተሸፈነ ይጫናል። አዲስ አበባ ላይ ቢጫ ሆኖ የምንበላው ይኸው ነው።

ልጁን ያገኘነው በማግስቱ አርባ ምንጭ ነው። ዕድሜው ሃያ አንድ፣ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር። የወንድሜ ልጅ መጀመሪያ ያደረገችው ካሜራ ማውጣት አይደለም። የአሜሪካውን ልጅ ፎቶዎች አሳየችውና «አንተንም እንዲህ ላነሳህ ነው፤ ያልፈለግኸውን አጥፊው በለኝ፣ አጠፋዋለሁ» አለችው። እሱም የክርኑን ፎቶ ትኩር ብሎ አየና ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳለ የገባኝ በኋላ ነው።

ሦስት ቀን ተከተልነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ይሮጣል፤ ከዚያ ክፍል ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ልምምድ አለ፤ ማታ መለያውን በባልዲ አጥቦ ያሰጣል። አንድ ጥንድ ታኬታ አለው። ሶሉ ስለተላቀቀ በየሳምንቱ ሊስትሮ ያሰፋዋል። የወንድሜ ልጅ ሊስትሮውን አንስታለች፤ ባልዲውን አንስታለች፤ ስምንት ሆነው በሚያድሩበት ክፍል ቁጢጥ ብሎ ማስታወሻ ሲገለብጥም አንስታለች። እኔ ወንበር እየፈለግሁ እቀመጣለሁ፤ ዕድሜ ነው።

በሁለተኛው ቀን ደረጃ ሲወርድ አየሁት። ሁልጊዜ ቀኝ እግሩን ያስቀድማል፤ አያጥፈውም። ልምምድ ካለቀ በኋላ ጠጋ ብዬ «ልጄ፣ ጉልበትህን ልየው?» አልኩት። አካባቢውን ቃኘና ሱሪውን ሰበሰበ። ጉልበቱ አብጧል። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስለው «ከመስቀል በፊት ጀምሮ ነው፣ ሲስተር። ስዞር ይከዳኛል» አለኝ።

ይከዳኛል የሚለውን ቃል ነርስ ስትሰማ ትደነግጣለች። ያበጠና የሚከዳ ጉልበት ጅማቱ ወይም በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ልም አጥንት ሊጎዳ ይችላል። ሁለት ጊዜ ወጌሻ ጋ ሄዶ ታሽቷል። ለአሠልጣኙ አልተናገረም፤ ከአሥር ቀን በኋላ ከሌላ ኮሌጅ ጋር ትልቅ ጨዋታ አላቸው። ከሁሉ በላይ የፈራው ግን እናቱን ነው። «ሲስተር፣ ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ። ታኬታውን የገዛችልኝ ሙዝ ሸጣ ነው» አለኝ። የታመመ ሰው የነገረኝን ለሌላ አላወራም፤ ሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩበት ሙያ ነው። አልናገርም አልኩት፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብዬም ለመንኩት። «ከጨዋታው በኋላ» አለ።

በዚያው ማታ ጉልበቱን በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ፎጣ ጠቅልሎ ሲያነብ የወንድሜ ልጅ ፈቃዱን ጠይቃ አነሳችው። ከአሜሪካው ልጅ ፎቶ ጋር አንድ ነበር፤ አንዱ ክርን፣ አንዱ ጉልበት።

ቅዳሜ ሦስታችንም ወደ ብርብር ተመለስን። የእናቱ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሴትዮዋ ከሙዙ መሃል ወጥታ «ሳሮ፣ ሳሮ» እያለች ሳመችን። ሽፈራው በበቆሎ ዱቄት ድብልብል የተሠራ ኩርኩፋ አቀረበችልን። ከዚያ ማሳዋን አሳየችን። አንድ የሙዝ ግንድ የሚያፈራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፍሬው ሲቆረጥ ግንዱም ይቆረጣል፣ ከሥሩ የበቀለው ቡቃያ ይተካዋል። ፍሬው የከበደበት ግንድ ነፋስ እንዳይጥለው በባላ ይደገፋል። ባላውን ከጫካ ተሸክማ የምታመጣው ራሷ ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።

የወንድሜ ልጅ ስታነሳት ዋለች። ማታ ቡና ላይ ሴትዮዋ «እስቲ ልጄን ደግሞ አሳዪኝ» አለቻት። ልጅቱ ካሜራውን ሰጥታት ፎቶዎቹን እያሳለፈች ታሳያት ጀመር። ሊስትሮው መጣ፤ ሳቀች። ባልዲው መጣ፤ «ማጠብማ እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለች። ቀጥሎ ጉልበቱ መጣ። የወንድሜ ልጅ ደንግጣ በፍጥነት አሳለፈችው። እናት ግን አይታለች።

«ወደ ኋላ መልሺው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሲስተር፣ ይሄ የማን ጉልበት ነው?» አለችኝ።

በሕይወቴ ብዙ ከባድ ነገር ለቤተሰብ ተናግሬያለሁ። ያን ማታ ግን ምላሴ ተሳሰረ። ልዋሻት አልችልም፤ ቃሌንም ማፍረስ አልችልም። «የጉልበቱ ባለቤት እዚሁ ተቀምጧል፤ እሱ ይንገርሽ» አልኳት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በጋሞኛ መናገር ጀመረ። ቋንቋውን ብዙ ረስቼዋለሁ፤ ግን ሁሉንም እንደነገራት ከፊቷ አወቅሁ። ትቆጣዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ተነስታ ቀኝ እግሩን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ጉልበቱን በመዳፏ ሸፈነችው። ቆየት ብላ በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማ፣ «ለሙዙ ባላ ስሸከም የልጄን እግር አላየሁም» አለች።

የወንድሜ ልጅ ሌሊቱን አልተኛችም። «የሰው ምስጢር አወጣሁ፣ አክስቴ» እያለች ታለቅሳለች። እኔም አላጽናናኋትም፤ እውነቷን ነውና። ልጁ መነሳትን ፈቅዷል እንጂ ለእናቱ መታየትን አልፈቀደም። እኛ በሆስፒታል የበሽተኛን ካርድ የምንቆልፈው ለዚህ ነው። ግን ሌላም ነገር ነገርኳት። መስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ በተቆጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው የአርባ ምንጭን ሰላም የጠበቁበት ፎቶ አገር ያዳረሰ ነው። ያን ምስል ባናየው ኖሮ ስንቶቻችን እናውቃቸው ነበር? ፎቶ ያጋልጣል፤ ፎቶ ያድናልም። ልዩነቱ ያለው ባለቤቱን በመጠየቅ ላይ ነው፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው።

ሰኞ ጠዋት እናት ራሷ ይዛው አርባ ምንጭ ወረደች፤ ሆስፒታል አብረን ገባን። ሐኪሙ መርምሮ ጅማቱ እንደተጎዳ፣ ግን ሙሉ በሙሉ እንዳልተበጠሰ ነገረን። ለጊዜው ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም፤ እረፍትና ለወራት የሚቆይ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ታዘዘለት። በዚያ ጉልበት ያን ጨዋታ ቢጫወት ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ሐኪሙ ሲነግረው ልጁ ግንባሩን ያዘ።

ጨዋታው ደረሰ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኖ ለጓደኞቹ ውሃ ሲያቀብል ዋለ። የወንድሜ ልጅ ያነሳችው እሱን ነው፤ ጎል ሲገባ ሁሉም ወደ ሜዳ ሲሮጡ እሱ ውሃ መያዣውን ታቅፎ በአንድ እግሩ ሲዘል። ቡድኑ ሁለት ለአንድ ተሸነፈ።

ከመመለሳችን በፊት ፎቶዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከቷቸው፤ ልጁ፣ እናቱና የወንድሜ ልጅ። የመኝታ ክፍሉን ሁለት ፎቶ አጥፊልኝ አላት፤ የጓደኞቹ ልብስ ተዝረክርኮ ይታያል። አጠፋችው። የጉልበቱን ግን «ይቆይ» አለ። «ሌላም ጉልበቱን የሚደብቅ ልጅ ይኖራል፤ ይየው።» ይህን ጽሑፍ ሳልክም አስቀድሜ በስልክ አንብቤለታለሁ፤ ስሜን አትጻፊ እንጂ ጻፊው ብሎኛል።

ልጅ ያላችሁ አንባብያን፣ ከነርስ አንድ ምክር ውሰዱ። የተመታ ጉልበት መጀመሪያ ሊያርፍ፣ በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ፎጣ ሊቀዘቅዝ፣ በመጠኑ ጠበቅ ተደርጎ ሊታሰርና ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ይገባል። ወዲያው አይታሽ። ካበጠ፣ ከከዳ ወይም አልታጠፍ ካለ ሐኪም ይየው። ልጃችሁ ደረጃ ሲወርድም እዩት።

እናትየው ከፎቶዎቹ ሁሉ የፈለገችው አንድ ብቻ ነው። አርባ ምንጭ ሲቀላ ፎቶ ቤት አሳጥበን ላክንላት። ከባላው ሥር ቆማ ሙዙን ቀና ብላ የምታይበት ነው። ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች አሉ፤ አጠገቡ ላይ ያ የተሰፋው ታኬታ በክሩ ተንጠልጥሎ ልጁ እስኪድን ይጠብቃል።