ዶማ ይዞ የመጣው ወዳጃችን

ስለ ፍቅር ስናስተምር ብዙ ጊዜ ከግሪክኛው እንጀምራለን። እኔና ወንድሜም ከሥነ መለኮት ኮሌጅ ከወጣን ጀምሮ ለዓመታት ያስተማርነው እንደዚያው ነበር፤ «አጋፔ» የእግዚአብሔር ፍቅር፣ «ፊሊያ» ደግሞ ከዚያ ዝቅ ያለ የጓደኛ ፍቅር ነው እያልን። ዮሐንስ ግን አብ ወልድን እንደሚወድ በ3፥35 ሲናገር የአጋፔን ቃል፣ በ5፥20 ሲናገር የፊሊያን ቃል ይጠቀማል። አብ ልጁን የወደደበት ቃል እንዴት ዝቅ ይላል? ይህን እንድንጠይቅ ያደረገን ኮሌጁ አይደለም፤ አንድ የእንፍራንዝ ገበሬ ነው።

እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ የጉዛራ ግንብ ቅርቧ ነው። ያደግነው እዚያ ነው። ከወዳጃችን ጋር ከብት ጠብቀናል፣ ከአንድ አገልግል በልተናል። እኛ በወጣትነታችን ጌታን ስንቀበል እርሱ በአባቶቹ ቤተ ክርስቲያን ጸና። እናቱ ስታርፍ ለቅሶ ደረስን፤ ለተዝካሯ ሲጠራን ግን ቀረን። የእምነት አቋም ነው አልን። አቋሙን ዛሬም አልተውንም፤ ነገር ግን ቤቱ ሄደን፣ ፊት ለፊት ልንነግረው ይገባ ነበር። ዝም ብለን ቀረን።

ከ6 ዓመት በኋላ የእኛ እናት አረፈች። በስተርጅናዋ ጌታን ተቀብላ ስለ ነበር የመቃብር ቦታ ተከለከልን። አስከሬኗን ይዘን ግራ ሲገባን ወዳጃችን ዶማ ይዞ መጣ። ከእርሻው ዳር ቦታ አሳየን፤ ጋቢውን ጥሎ ራሱ መቆፈር ጀመረ። ሰው ምን እንደሚለው ያውቃል። (በዚያ ዓመት ለአጨዳው ደቦ የወጣለት ሰው ጥቂት ነበር።) ጌታ በዮሐንስ 15 ነፍስን ስለ ወዳጆች ስለ መስጠት ሲናገር «ወዳጅ» ያለበት ቃል የዚያው የፊሊያ ዘመድ መሆኑን ያስተዋልነው ከዚያ ወዲህ ነው።

በአገራችን ታሪክም እንዲህ ያሉ ሁለት ወዳጆች አሉ። ጀርመናዊው የሉተር ተከታይ ኢዮብ ሉዶልፍ እና የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ተገናኙ። በ1652 አባ እስከ ጎታ ድረስ ሄደው ቋንቋችንን አስተማሩት። በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀሩ። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው የታተመው በ1698 ነው፤ ወዳጁ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሁለቱ በእምነት ሥርዓት አንድ ሆነው አያውቁም።

ባለፈው ጥር እንፍራንዝ ሄደን ስለ ተዝካሩ ይቅርታ ጠየቅነው። አቀርቅሮ ሰማን።

«ለሁለታችሁ መቀመጫ ይዤ ነበር» አለን፤ «እስኪመሽ ድረስ ሰው አላስቀመጥኩበትም።»

ከዚያ ቡናው ሳይቀዘቅዝ እንድንጠጣ አዘዘን።