የማይሰን ፖርስሊንና የአክስቴ ቡፌ

በብዙዎቻችን ሳሎን ውስጥ አንድ ቡፌ አይጠፋም። በመስተዋቱ ውስጥ ለእንግዳ እንጂ ለቤተሰብ የማይወጡ ብርጭቆዎች፣ ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተቀባ ሲኒዎች፣ ምናልባትም አንዲት የፖርስሊን ምስል ተደርድረው ይታያሉ። ቁልፉ ከእናት መቀነት አይለይም። ለመሆኑ ከእናንተ መካከል በልጅነቷ «እንዳትነኪ!» ያልተባለች ትኖር ይሆን?

በአክስቴ ቡፌ ውስጥ የምትኖረው ቁመቷ ከአንድ ስንዝር የማትበልጥ፣ የአበባ ቅርጫት ያንጠለጠለች ልጃገረድ ናት። አክስቴ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የብር ማንኪያና ሹካዎቻቸውን አንድ በአንድ ትወለውላለች። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለአሥራ አንዱ ዓመት አገልግሎት የተሰጣት ይህችው ምስል ብቻ ነበረች። እመቤቲቱም «ይህች ከማይሰን የመጣች ናት፤ ዋጋዋ ብዙ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ትሸጫታለሽ» አለቻት። ሌላ የአገልግሎት ክፍያ አልነበረም።

ከአርባ ዓመት በላይ አለፈ። ባለፈው ዓመት ክረምት የአክስቴ ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። እኔ ደግሞ ለሥራ ወደ ጀርመን አገር መሄዴ ነበር። አክስቴ ልጃገረዲቱን በነጠላ ጠቅልላ አመጣችልኝና «ክፉ ቀኑ የመጣ ይመስለኛል፤ እስቲ አሳዪልኝ» አለችኝ። በዛሬው ዓምዳችን የማጫውታችሁ ስለዚሁ ጉዞ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማይሰን በምሥራቅ ጀርመን፣ በሳክሶኒ ክፍለ ሀገር፣ ከድሬስደን ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኤልቤ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ናት። ባቡሩ አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ገና ከመድረሳችሁ በፊት ከወንዙ ማዶ በኮረብታ ላይ የቆመ ግንብና ጎኑ ያለው ቤተ ክርስቲያን ይታያችኋል። ግንቡ አልብረኽትስቡርግ ይባላል። የአውሮጳ እውነተኛ ፖርስሊን በፋብሪካ ደረጃ መሠራት የጀመረው በዚህ ግንብ ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት ፖርስሊን የቻይናና የጃፓን ጥበብ ነበር። እኛም ቡና የምንጠጣበትን ዕቃ «ሲኒ» ብለን የምንጠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቃሉ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው። አውሮጳውያን ይህን ነጭ፣ ስስና ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮህ ዕቃ በመርከብ እያስመጡ በወርቅ ይገዙት ስለ ነበረ «ነጭ ወርቅ» አሉት። አሠራሩን ግን አያውቁም ነበር።

የሳክሶኒ ገዥና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ብርቱው አውግስጦስ ለዚህ ዕቃ የነበረው ፍቅር ልክ አልነበረውም። በ1701 ዮሃን ፍሪድሪሽ ቦትገር የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ተራ ማዕድንን ወርቅ ማድረግ እችላለሁ ብሎ በማስወራቱ ከበርሊን ሸሽቶ ሳክሶኒ ገባ። አውግስጦስም ወርቁን ለራሱ ፈልጎ ወጣቱን በቁጥጥር ሥር አዋለው። ወርቁ አልመጣም። ነገር ግን ቺርንሃውስ ከተባለ ሊቅ ጋር ሆኖ አፈርና ድንጋይ እየፈጨ፣ በከባድ እሳት እየተኮሰ ብዙ ከሞከረ በኋላ በ1708 ነጩ ፖርስሊን ተገኘ። በ1710 ፋብሪካው በንጉሡ ትእዛዝ ተቋቋመ። ምስጢሩ እንዳይወጣ ግንቡ ጥሩ መከላከያ ነበር። ቦትገር ግን በ1719 ገና በ37 ዓመቱ ሞተ።

ፋብሪካው በ19ኛው መቶ ዘመን ከግንቡ ወርዶ ዛሬ ወዳለበት ሥፍራ ተዛውሯል። የሳክሶኒ መንግሥት ንብረት ነው። ለጎብኚዎች በተዘጋጀው የሥራ ክፍል ሙያተኞቹ ሲሠሩ መመልከት ይቻላል። ዋናው አፈር ካኦሊን የተባለ ነጭ ሸክላ ሲሆን፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ይጨመርበታል። አንዲት ምስል በአንድ ጊዜ አትወጣም። ራሷ፣ ክንዷ፣ ቅርጫቷ፣ እያንዳንዱ ለብቻው በጀሶ ቅርጽ ይወጣና በቀጭን የሸክላ ሊጥ ይጣበቃል። መጀመሪያ በ900 ዲግሪ ገደማ፣ ከዚያም መስተዋት መሳዩን ቅብ ከተነከረች በኋላ እስከ 1400 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ትተኮሳለች። በዚህ ጊዜ ከቁመቷ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ታጣለች። ስለዚህ ሠሪው ከመጀመሪያው አስልቶ ትልቅ አድርጎ መሥራት አለበት።

እኔ ባየሁበት ሰዓት ቀለም ትቀባ የነበረችው ሴት ናት። ብሩሿ ከቅንድብ ፀጉር አይወፍርም። ከደረቀው ሸክላ ላይ የነካችው ቀለም ወዲያው ስለሚመጠጥ መሰረዝ የለም። አንድ ቅጠል ስትጨርስ ትንፋሿን ለቀቅ አደረገች። እኔም አብሬያት ለቀቅሁ።

የማይሰን ምስሎችን ታላቅ ያደረጋቸው በ1731 ወደ ፋብሪካው የገባው ቀራፂ ዮሃን ዮአኺም ኬንድለር ነው። ምስሎቹ በመጀመሪያ የቡፌ ጌጥ አልነበሩም። በመኳንንት ግብር ላይ ጣፋጭ ሲቀርብ በገበታው መካከል ይደረደሩ ነበር፤ ቀድሞ ከስኳር ይሠሩ የነበሩትን ምስሎች ተኩ ማለት ነው። ከመካከላቸው የመንገድ ቸርቻሪዎች፣ የማዕድን ቆፋሪዎችና የእረኞች ምስሎች ይገኛሉ። እንግዲህ አስቡት፤ እውነተኛዋ ቸርቻሪ ከበር ውጭ በብርድ ቆማ ምስሏ በንጉሥ ገበታ ላይ ይቀመጣል።

ድሬስደን ከተማ በሚገኘው ትስቪንገር ቤተ መንግሥት ያለውን የፖርስሊን ሙዚየም ስትጎበኙ ደግሞ ቁመታቸው ከሰው ወገብ የሚደርስ፣ ክዳን ያላቸው ሰማያዊና ነጭ የቻይና ማሰሮዎች ታያላችሁ። «የድራጎን ወታደሮች ማሰሮ» ይባላሉ። በ1717 አውግስጦስ 600 ፈረሰኛ ወታደሮቹን ለፕሩሲያ ንጉሥ ሰጥቶ በምትካቸው 151 የቻይና ዕቃዎችን ተቀብሏል። ስድስት መቶ የእናት ልጆች በማሰሮና በሳሕን ተለወጡ። በዚያ መስተዋት ፊት ቆሜ የአክስቴ አሥራ አንድ ዓመት ትዝ አለኝ።

ሳክሶኒዎች ቡና ወዳጆች ናቸው፤ ነገር ግን ቁጠባም ያውቃሉ። ከመቅጠኑ የተነሣ በሲኒው ወለል ላይ የተሳለችው አበባ ቁልጭ ብላ የምትታይበትን ቡና «የትንሿ አበባ ቡና» ይሉታል። ሰው የጋበዘን ቡና ሲቀጥን እኛም በሆዳችን የምንለው አናጣም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። አብራኝ የነበረችው፣ ለትምህርት ሄዳ ድሬስደን የቀረች እህታችን ወደ አንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ወሰደችኝ። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ በብርና በፖርስሊን የተሞላ ነው። ሽማግሌው ነጋዴ ልጃገረዲቱን ከነጠላው አውጥቶ በመጀመሪያ የተመለከተው ፊቷን ሳይሆን ታችዋን ነው። በእርግጥም ሁለት የተጣመሩ ሰማያዊ ሰይፎች አሉባት። ማይሰን ይህን ምልክት ከ1720ዎቹ ጀምሮ ይዞታል። ልቤ መታ።

ሽማግሌው ግን ጣቴን ይዞ ምልክቱን በጥፍሬ እንድዳብሰው አደረገ። ቀለሙ ይሰማል። በእውነተኛው ዕቃ ሰይፎቹ የሚሳሉት ከመስተዋቱ ቅብ ሥር ስለሆነ ጥፍር አይሰማቸውም። የተቀረጸ የሞዴል ቁጥርም የላትም። በትከሻዋ ላይ የቅርጹ መጋጠሚያ መሥመር ሳይስተካከል ቀርቷል። «ከዓለም የሸክላ ምልክቶች እንደዚህ የተመሰለ የለም» አለ። በእሱ ግምት ከመቶ ዓመት ወዲህ የተሠራች ማስመሰያ ናት፤ የሚከፈልባትም ዋጋ አንድ ቆርቆሮ አይገዛም።

ዝም ብዬ ስቀመጥ አሳዝኜው ይሆናል፣ ስለ ብር ዕቃ ያስተምረኝ ጀመር። ለእናንተም ይጠቅማልና ልንገራችሁ። ከ1888 ወዲህ የተሠራ የጀርመን ብር ግማሽ ጨረቃ፣ ዘውድና ብዙውን ጊዜ 800 የሚል ቁጥር አለው፤ ከሺህ ስምንት መቶው እጅ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። በእንግሊዝ ብር ላይ የሚራመድ አንበሳ ካያችሁ ከሺህ 925ቱ ብር ነው። 90 ወይም 100 የሚል ብቻ ከሆነ ግን በብር የተለበጠ እንጂ ብር አይደለም። እኛም ከአውሮጳ ብር ጋር እንግዶች አይደለንም፤ እናቶቻችን በአንገታቸው ያሰሩት ስንቱ መስቀል በ1780 ቀን ከታተመበት ከኦስትሪያው ጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው።

ብር የሚጠቁረው ድኝ ሲነካው ነው። ስለዚህ ከእንቁላል፣ ከሽንኩርት፣ ከሱፍ ጨርቅና ከላስቲክ አርቁት። በለብታ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። እጅግ ከጠቆረ በሳፋ ውስጥ የአሉሚኒየም ወረቀት አንጥፋችሁ፣ ፍል ውኃና ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ ወረቀቱን እንዲነካ አድርጋችሁ ብትዘፈዝፉት ጥቁረቱ ይለቃል። ሆን ተብሎ ጥቁር ጌጥ የተሠራበትን ወይም እጀታው በማጣበቂያ የተያያዘውን ግን እንዲህ አታድርጉት። የፖርስሊን ምስልንም በራሷ ወይም በክንዷ አንጠልጥላችሁ አታንሡ፤ ከታች ደግፋችሁ ያዙ። ስታጥቡም በሳፋው ወለል ላይ ፎጣ አንጥፉ።

ሌላም የሚጠየቅ ነገር አለ፤ ዕቃው ከማን እጅ ወጣ? የድሬስደኑ አይሁዳዊ የክሌምፐረር ቤተሰብ ከ800 በላይ የማይሰን ዕቃዎች ነበሩት። ናዚዎች በ1938 ወረሱት። በየካቲት 1945 ድሬስደን በቦምብ ስትደበደብ አብዛኛው ዕቃ ተሰባበረ። የተረፈው በ1991 ለቤተሰቡ ሲመለስ እነሱ አብዛኛውን ለዚያው ሙዚየም ሰጡ። ይህ ለእኛም ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ቅርሶች መካከል በብር የተለበጡ የቀንድ ዋንጫዎች የተመለሱልን በ2021 ነው።

አዲስ አበባ እንደ ደረስኩ በማግስቱ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝና ነገሩን እንደሆነው ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለች።

«ሴትዮዋ ታውቅ ነበር ትያለሽ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እሷንም አታልለዋት ይሆናል» አለችና ሁለተኛውን ቀዳች። ቀጥላም «ለኔ ግን ደመወዝ ጨምሪልኝ ማለት ነበረብኝ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ጣሪያውን እኔና ወንድሞቼ ተረዳድተን ከመስከረም በፊት አስጠገንነው።

ውድ አንባብያን፤ በቤታችሁ የምትረዳችሁ ሠራተኛ ካለች ክፍያዋን በሚቆጠር ገንዘብ፣ በወቅቱና በጽሑፍ አድርጉት፤ ስጦታ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በቡፌያችሁ ያለውን ዕቃም ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ልጃገረዲቱ ዛሬ ቡፌው ውስጥ የለችም። አክስቴ በዚያው ዕለት ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታች፣ ምስሏን አወጣችና በሩ ላይ ቆማ ትመለከት ለነበረችው ለአራት ዓመት የልጅ ልጇ ሰጠቻት።

«በይ እንግዲህ ንኪያት» አለቻት።