አባቴ የተወልኝ ቮልስና ባለቤቴ የመረጠችው ቪትዝ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ! እኔ የወለቃ ልጅ ነኝ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ መንገድ ዳር የሸክላ ሥራ የሚሸጥባት፣ ቀድሞ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩባት የነበረችው መንደር። አባቴ ሲያርፍ የ1967 ሞዴል ቮልስ ትቶልኛል (የመኪናውን ዘመን በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)።

ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዛት አየር እንጂ ውሃ አይደለም። የኮሶዬን ዳገት ስንወጣ ሌላው ራዲያተሩ ፈልቶበት ጀሪካን ይዞ ውሃ ሲፈልግ፣ እኛ ክላክስ እያደረግን እናልፈው ነበር። ቀስ ብለን ነው እንጂ!

ታዲያ ባለቤቴን ምጥ የያዛት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቮልሷ አልነሳም አለች። ጎረቤት ተጠርቶ ቁልቁል ተገፋች፣ አሁንም ዝም። በመጨረሻ አንድ ባለ ባጃጅ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ አደረሰን፤ እግዜር ይስጠው። ልጁ በሰላም ተወለደ። ባለቤቴ ግን ገና አራስ ሳለች «ወይ እሷ ወይ እኔ» አለችኝ። ቪትዝ ይገዛ ነው ነገሩ።

እውነቱን ልናገር። ቪትዝ በ1999 የወጣች የዘመን ልጅ ናት፤ ከኋላም ቀበቶ፣ ከፊትም ኤርባግ አላት። የእኔዋ የኋላ ወንበር ቀበቶ የለውም፤ የቤንዚን ታንከሯም ያለው ከፊት፣ ሻንጣ ከሚገባበት ጋር ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የፈራሁት ግን የራሴን ልጅ ይዤ ስገባ ነው።

አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ ኤሌክትሪክ ግዛ ይለኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ እሱ ሆኗል። እሺ፣ መብራት በሄደ ቁጥር እሱንም ልግፋው?

እናቴ ዘንድ ሄጄ «የአባባ መታሰቢያ እንዴት ይሸጣል?» አልኳት። «አባትህ የተቀበረው ደብሩ ነው እንጂ ጋራዥ አይደለም፣ ልጄ» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ተናደድኩም።

ቮልስ እንደሆነች ወዳጅ አታጣም። ጀርመን በ1978፣ ሜክሲኮ በ2003 መሥራት ስላቆሙ አዲስ የለማ! ቅዳሜ ገዢው ይመጣል፤ የጎንደር ልጅ ነው፣ መሪዋን ዳብሶ «ምንም አልቀይርባትም» ብሎኛል።

ትናንት ማታ ሳጥባት ባለቤቴ ልጁን ታቅፋ ጋቢና ገባች። «ፎቶ አንሳን» አለችኝና ቁልፉን አዞረችው። በአንዴ ተነሳች! ያን ሌሊት የት ነበርሽ?