እንቁላሉ ለማን ነው?

ጎበዝ! እስቲ ልጠይቃችሁ። እቤታችሁ አራት እንቁላል ብቻ ቢኖር ማን ይበላዋል? እናንተ እስክታስቡ እኔ ልመልስላችሁ፤ ወንዱ ልጅ ነው። ጂም የሚገባ ከሆነማ ነገሩ አለቀ። "ፕሮቲን ያስፈልገዋል" ይባልለታል። ነፍሰ ጡሯስ? አያትየዋስ? እነሱማ ሽሮ አላቸው!

ይኼ ቀልድ አይደለም፣ የኛው ቤት ጉዳይ ነው። የምንኖረው አራት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ባሏ ክፍለ ሀገር ስለሚሠራ ልትወልድ እኛ ዘንድ የመጣችው እህቴና አያታችን። አስቤዛውን የምገዛው እኔ ነኝ፤ ገበታው ላይ የሚያከፋፍሉት ግን አያታችን ናቸው። የሳቸው ክፍፍል ደግሞ ይታወቃል። ጠዋት አራቱም እንቁላል ወደ ልጁ ሳህን ይሄዳል። ከድርሻቸው ላይ እንኳ ቆርሰው ያጎርሱታል። "እኔ ምን እሠራበታለሁ? አንድ እግሬ መቃብር ገብቷል" ይላሉ።

ነገሩ ያሳሰበኝ እህቴ ከእርግዝና ክትትል ስትመለስ ነው። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። "ክብደትሽ እንደሚጠበቀው አልጨመረም ተባልኩ" አለችኝ። አያታችንም ቢሆኑ ሰሞኑን ከዱካ ሲነሱ ግድግዳ መደገፍ ጀምረዋል። ወንድሜ ግን በመስታወት ፊት ክንዱን ይለካል! ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁና ሂሳቡን መሥራት ጀመርኩ።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም፣ እናንተም ትችሉታላችሁ። ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ገደማ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 48 ግራም ይበቃዋል ማለት ነው። ክብደት እያነሳ ጡንቻ ማውጣት የሚፈልግ ሰው በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ቢያገኝ በቂው ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ጡንቻቸው እንዳይሟሽሽ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመከራል። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሶስት ወራት ከመደበኛው በላይ ወደ 30 ግራም ይጨመርላታል። ልብ በሉ፣ 30 ግራም ፕሮቲን ማለት 30 ግራም ሥጋ ማለት አይደለም። 100 ግራም ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 20 ግራም ገደማ ነው፤ ቀሪው አብዛኛው ውሃ ነው።

እንግዲህ የኛን ቤት እንይ። ወንድሜ 70 ኪሎ ነው። ቢበዛ 112 ግራም ይበቃዋል። የሚወስደውስ? ጠዋት አራት እንቁላል፣ እሱ 24 ግራም ነው። ምሳ ከጓደኞቹ ጋር ሥጋ ቤት ሩብ ኪሎ፣ 50 ግራም። ከደመወዙ ግማሹን የሚጨርስበት የፕሮቲን ዱቄት በቀን ሁለት ማንኪያ፣ ሌላ 50 ግራም። እንጀራውና ወጡ ሲጨመር ከ150 ያልፋል! ትርፉ ወዴት ይሄዳል? ጡንቻ ላይ አይከመርም። ሰውነት እንደ ነዳጅ ያቃጥለዋል ወይም ወደ ስብ ይቀይረዋል፤ ናይትሮጅኑ በሽንት ይወጣል። ወር ሙሉ የተለፋበት ገንዘብ ሽንት ቤት ገባ ማለት ነው።

እህቴ ከማርገዟ በፊት 60 ኪሎ ነበረች። አሁን ወደ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ እንጀራ በቀጭን ሽሮ፣ ማታ እንጀራ በጥቅል ጎመንና ድንች። ደምሬ ደምሬ 40 አልሞላልኝም። አያታችን 45 ኪሎ ናቸው፤ ቢያንስ 45 ግራም ይገባቸዋል። ከግማሽ ግማሽ እንጀራቸው፣ ከሽሯቸውና ከቡና ቁርሳቸው ላይ ያገኘሁት 20 ግራም ነው። ያ ሁሉ እንቁላል የሚሄደው እንግዲህ ጠግቦ ለተረፈው ሰው ነበር!

"ታዲያ ሥጋ በየቀኑ ከየት ይምጣ?" ትሉኝ ይሆናል። ማን ሥጋ አለ? ደረቅ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ 100 ግራሙ ከ20 እስከ 26 ግራም ፕሮቲን አለው። ሲቀቀል ውሃ ስለሚጠጣ ግን የበሰለውን ከሥጋ ጋር እኩል አትመዝኑት፤ ሂሳቡን በደረቁ ያዙት። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ግራም አለ። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ወደ 7 ግራም ነው። ቆጮና ድንች ግን ሆድ ይሞላሉ እንጂ ፕሮቲናቸው ጥቂት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የእህል ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፤ የጥራጥሬ ደግሞ ሜታዮኒን ያጥረዋል። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ሲበላ የአንዱን ጎደሎ ሌላው ይሞላል። ብዙዎቻችን ያደግንበት ፋፋም ቢሆን እህልና ጥራጥሬ የተቀላቀለበት ነው። ስለዚህ ሽሮን አትናቁ። ችግሩ ያለው ሽሮው ሲቀጥን ነው። ፕሮቲኑ በዱቄቱ ውስጥ እንጂ በውሃው ውስጥ አይደለም!

ወረቀቴን ይዤ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። "እትዬ፣ በሽሮ ጡንቻ ይወጣል ልትዪኝ ነው?" ብሎ ሳቀ። "ጡንቻ የሚያወጣው ብረቱ ነው። ምግቡ መሥሪያ ዕቃው ነው። ዕቃው ከሞላ የተረፈውን ለጎረቤት ያበድሩታል" አልኩት። ዱቄቱ መርዝ ነው አላልኩትም፤ የሱ ዓይነቱ የሚሠራው ከወተት ነው። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር ፕሮቲን ማብዛት የለበትም። ወንድሜ ዱቄቱን ጨርሶ አልተወም። ሆኖም ወደ አንድ ማንኪያ ዝቅ አድርጎ ሁለቱን እንቁላል ለእህቱ ለቀቀ። የወተቷንም ሂሳብ ተረከበ። አያታችን ያኮረፉት ሁለት ቀን ነው።

አሁን እህቴ ጠዋት ሁለት እንቁላል በዳቦና አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ምሳ ወፈር ያለ ምስር በእንጀራ፣ መክሰስ ኦቾሎኒ፣ ማታ ወፍራም ሽሮ ትበላለች። ደምሩት፤ ወደ 80 ይጠጋል። ጾሙ ሲመጣ ምን ልታደርግ እንደሆነ ጠየቅኳት። የነፍስ አባቷን አማክራ ከዚያ ትወስናለች።

አያታችን ግን በጾም ነገር ድርድር አያውቁም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ እየጾሙ ኖረው ዛሬ እንቁላል ብሉ ማለት አይታሰብም። ግን እኮ የጾም ምግባችን ራሱ የፕሮቲን ጎተራ ነው! ጥርሳቸው ስለማይችል በደንብ የበሰለ የአተር ክክ፣ እልበትና ስልጆ ይቀርብላቸዋል። ቡና ላይ ኦቾሎኒው ተወቅጦ ይሰጣቸዋል። "ለልጆቹ ስጡ" ሲሉ "እማማ፣ የሚወለደውን ሕፃን ማን ሊያቅፍልን ነው? ለማቀፍም እኮ ጉልበት ይፈልጋል" እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ዝም ብለው ይጎርሳሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ረከሰ ብላችሁ የማታውቁትን ሽሮ ስትገዙ ጓያ እንዳልተቀላቀለበት ጠይቁ። ጓያ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ግን ለወራት ዋና ምግብ ካደረጉት እግር ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለበት።

ለምን ይኼን ሁሉ እጽፋለሁ? በ2011 ዓ.ም በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ያህል አልደረሰም ነበር። ምክንያቱ ፕሮቲን ብቻ አይደለም፤ ድህነቱም፣ በሽታውም አለበት። ግን አንዱ ምክንያት የሚጀምረው ከእናትየው ሳህን ነው። እጃችን ላይ ያለውም እሱ ነው። ደመወዝ መጨመር ባንችል ክፍፍሉን ማስተካከል እንችላለን።

የእህቴ ቀጣይ ክትትል ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሚዛኑ ምን እንደሚል እናያለን። እናንተም ዛሬ ማታ እስክሪብቶ ያዙና የቤታችሁን ሰው ሁሉ በስሙ ጻፉ፤ ኪሎውን፣ የሚገባውን፣ የሚያገኘውን። ወረቀቱ የሚያሳያችሁን ካያችሁ በኋላ ጭልፋውን ማን እንደሚይዝ ተነጋገሩ። ቸር ወሬ ያሰማን!